ይቅርታ የማታውቀው ጠበቃችን ዙሌይዴ

ዙሌይዴ ፋልካው ይቅርታ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። እኔም የምወዳት ለዚሁ ነው። ከሞተች ወዲህ በሬዲዮም በጋዜጣም ስለ ደግነቷ ብዙ ተብሏል፤ "ለድሆች ያዘነች"፣ "የሰላም ሰው" እያሉ። የትኛዋን ሴትዮ እንደሚያወሩ እንጃላቸው። እኔ የማውቃት ዙሌይዴ ቂመኛ ነበረች። ሌላው ሰው ቂሙን ሆዱ ውስጥ ይዞ ሲቃጠል እሷ በፋይል አስራ፣ ቀጠሮ አስይዛ፣ ማኅተም አስመትታ ታሳድደው ነበር።

እኔ ጄኔሲዮ ታቫሬስ እባላለሁ። በአስቤስቶስ ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የጣሪያ ክዳን በመጋዝ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። በሰፈራችን በቪላ ሬማንሶ "ዳቦ ጋጋሪዎቹ" ነበር የሚሉን፤ ከፋብሪካው በር ስንወጣ ከፀጉራችን እስከ ጫማችን ነጭ ስለምንሆን። እኛም ስሙን ወደነው እንስቅ ነበር። ሚስቶቻችን ቱታችንን ግቢ አውጥተው ከግድግዳ ጋር እየደበደቡ ያራግፉታል፣ አቧራው እንደ ጉም ይነሳል፣ ልጆች በመሐሉ ይሯሯጣሉ። ማንም ምንም አላለንም። ወይም እንዲህ እናስብ ነበር።

ዙሌይዴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቤታቸው ከእኛ ሦስተኛው ነበር። አባቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዙካ ነበር የምንላት፤ አጥራችንን ዘልላ ዘይቱናችንን የምትሰርቅ ቀጫጫ ልጅ። እናቴ ይዛት "ለምን ትሰርቂያለሽ?" ብትላት "እናንተ አትበሉትም፣ መሬት ላይ ይበሰብሳል" ብላ የተከራከረችው ገና በሰባት ዓመቷ ነው። ካደገች በኋላ ቀን ቀን የልደትና የሞት መዝገብ ቤት እየሠራች፣ ማታ ሕግ ተማረች። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት። ወደዚህ ነገር ያስገባትም መዝገብ ቤቱ ነው። የሟቾችን ስም በእጇ ስትገለብጥ ከአንድ መንገድ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓይነት የሳንባ በሽታ የሚሞት ሰው በዛባት። ስማቸውን ለብቻ መጻፍ ጀመረች። ጠበቃ ስትሆን ዝርዝሩን ይዛ ነው የወጣችው።

ቢሮዋ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የቁም ዶሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ፎቅ ላይ ነበር። ደንበኛ ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ ሱሪው ላይ ላባ ተለጥፎበት ነው። የፋብሪካው ጠበቆች አንድ ቀን እዚያ መጥተው አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ "ሽታው ለኔም ይከብደኛል፤ ኪራዩ ግን ርካሽ ነው" አለቻቸው። በተሸነፈች ቁጥር ተቃዋሚዋ ዘንድ ሄዳ እጁን ትጨብጥና "እንገናኛለን" ትለዋለች። ሰዎቹ ጨዋነት ይመስላቸው ነበር።

ዱርቫል የሞተው በ2001 ነው። ዱርቫል አበልጄ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንድ መጋዝ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆመን ሠርተናል፤ እሱ ሲገፋ እኔ ስቀበል። በመጨረሻ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚያርፍ ሰው ሆነ። ሚስቱ ዶና ኤርሲሊያ ክስ መሠረተች፣ ዙሌይዴ ቆመችላት፣ ነገሩ ሦስት ዓመት ተጎትቶ እኛ አራት ዳቦ ጋጋሪዎች ልንመሰክር ተጠራን።

ዙሌይዴ ሳምንት ሙሉ አሠለጠነችን። መጋዙ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ አቧራ መሳቢያው ከመቼ ጀምሮ እንደተበላሸ፣ ጭንብል መቼ እንደተሰጠን፣ ሁሉን አስጠናችን። አንድ ነገር ብቻ አላሰበችም። ዳኛው፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሽማግሌ፣ ገና ሳልምል ጠየቀኝ።

"የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ነዎት?"

"ወዳጅ?" አልኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ተቆጣሁ። "ክቡር ዳኛ፣ አበልጄ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሱ ቤት ቤቴ ነው።"

የፋብሪካው ጠበቃ ፈገግ አለ። የቅርብ ወዳጅ የሆነ ሰው መመስከር አይችልም አለ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ዳኛው ራሱን ነቀነቀና አስወጣኝ። ከኔ ቀጥሎ የገቡትም ሦስቱ እንደኔው ደረታቸውን ነፍተው "አበልጄ ነው" እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ምን ያድርጉ? በቪላ ሬማንሶ ከአንድ መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አበልጅ ነው። የሞተ አበልጅን ደግሞ በአደባባይ የሚክድ ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም።

ምስክር ሆኖ የቀረው የፋብሪካው ሐኪም ዶክተር ላፋዬቴ ብቻ ሆነ። በየዓመቱ የደረታችንን ራጅ የሚያነሳው እሱ ነበር፤ ፊልሙን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ትከሻችንን መታ ያደርግና "በሬ ነህ፣ ሂድ ሥራ" ይለናል። ያን ቀን ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀረበና "ሟቹን የገደለው ሲጋራ ነው" አለ። ፍርዱም እንዲሁ ተጻፈ፤ ሲጋራ። ዱርቫል በዕድሜው ሲጋራ ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያውቅም። የማጨሰው እኔ ነበርኩ።

ኤርሲሊያ ኮሪደሩ ላይ አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና "ገንዘባቸውን ይብሉት። ያቺን ቃል ብቻ ከባሌ ስም ላይ አንሱልኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ጠይቃ አታውቅም። እኔ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። በገዛ አፌ አበልጄን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኩት ብዬ ነው ያሰብኩት።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ዙሌይዴን "መካድ ነበረብኝ እንዴ?" አልኳት።

"ብትክደው ኖሮ ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም ነበር" አለችኝ። ቦርሳዋን ከፍታ ፓሶካ፣ ያቺን የለውዝ ጣፋጭ አወጣችና አኘከች። ስትናደድ ጣፋጭ ትበላለች። "ጥፋቱ የኔ ነው። የናንተን አበልጅነት ረሳሁት። እነሱ ግን አልረሱትም። ይሁን፣ አበልጅነት ያውቁ እንደሆነ እናያለን።"

"ምን ለማለት ነው?"

"እነሱስ ልጅ የላቸውም? ልጃቸውን ማን ክርስትና አነሳላቸው?"

ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ትታለች። ፍርዱ በሐሰት ምስክር የተሰጠ መሆኑ ከታወቀ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የዱርቫል ፋይል እንደገና ሊከፈት ይችላል። ሁለት ዓመቱ ካለፈ ግን ሲጋራዋ ለዘላለም በስሙ ላይ ትቀራለች። ዙሌይዴ ቀኑን ግድግዳዋ ላይ በቀይ ጻፈችው። የሐኪሙ ሐሰት መታወቅ ነበረበት፤ ለዚህም ሰውየው እንደገና ምሎ መቅረብ ነበረበት።

ባለጠጎቹ የሚሳለሙት ደብር ኮረብታው ላይ ነው። የጥምቀት መዝገቡን የሚጠብቀው ሰው "ዛሬ አይመችም፣ ሐሙስ ነይ" ይላታል። ሐሙስ ሄደች። በሚቀጥለውም ሐሙስ ሄደች። አምስት ሐሙስ ተመላለሰች፣ በስድስተኛው ሰለቸውና መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ጣለላት። የድሮ እጅ ጽሕፈት ማንበብ ለሷ ቀላል ነው፤ የወጣትነት እንጀራዋ ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ የምትፈልገውን አገኘች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ቴዎባልዶ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ሁለቱንም ክርስትና ያነሳቸው ዶክተር ላፋዬቴ ነው። ዶክተር ላፋዬቴ አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ክርስትና ያነሳት ኢንጂነር ቴዎባልዶ ነው።

"ሦስት ጊዜ አበልጅ" አለችኝ፣ የተመሰከረለትን ግልባጭ ፊቴ ላይ እያውለበለበች። "አንተ በአንዱ ተባረርክ።"

የድሮዋ ዙካ መስላ የታየችኝ ያኔ ነው፤ አጥር ላይ ወጥታ ዘይቱን ስትቀጥፍ እንደነበረችው።

ሁለት ዓመቱ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ሌላ የመጋዝ ሠራተኛ ከሰሰ፣ ፋብሪካው እንደ ልማዱ ሐኪሙን አቀረበ። ዳኛው ያው ሽማግሌ ነው። እኔና ኤርሲሊያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ሁላችንም ዙሌይዴ ወዲያው ተነስታ የምትቃወም መስሎን ነበር። እሷ ግን ጥፍሯን ታያለች።

"ከፋብሪካው ኃላፊዎች ጋር የቅርብ ወዳጅነት አለዎት?" አለ ዳኛው።

"የለኝም፣ ክቡር ዳኛ። የሥራ ትውውቅ ብቻ ነው።"

"ከሥራ አስኪያጁም ጋር ቢሆን ይጠየቅልኝ" አለች ዙሌይዴ በለሰለሰ ድምፅ።

"ከእሱም ጋር እንዲሁ ነው።"

"ቤቱስ ሄደው ያውቃሉ?"

"ቤቱን አላውቀውም።"

ያለው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ማለ። ዙሌይዴ እስኪምል ጠበቀችው። ከማለ በኋላ ተነስታ ሦስቱን የጥምቀት ግልባጮች አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ የዳኛው ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ኤርሲሊያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ሦስቴ ካደው" አለች። "ዶሮዎቹ ቢሮ ቀሩ እንጂ አሁን ነበር መጮኽ" አልኳት። ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁ ሳል ሆነና ፖሊሱ ገላመጠኝ። የሐኪሙ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔ አበልጄን አልክድም ብዬ ተባርሬያለሁ፤ እሱ አበልጁን ክዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ያን ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል እግዚአብሔር የሠራተኛ ማኅበራችን አባል የሆነ መሰለኝ።

ዳኛው ግልባጮቹን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። "ዶክተር፣ በመሐላ የዋሸ ሰው እስር ቤት ይገባል። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ቃሉን ካቃናና የሚያውቀውን ሁሉ ካወጣ ግን ሕጉ ይምረዋል። ሁለት ሳምንት ሰጥቼዎታለሁ" አለው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክተር ላፋዬቴ ካርቶን ታቅፎ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ዙሌይዴ ፎቅ ላይ ሆና በመስኮት አይታዋለች፤ ሥራም አልነበራትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታች አስጠበቀችው። ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ በአንዱ ጫፍ ኤርሲሊያ ተቀምጣለች፣ በሌላው ጫፍ እኔ፤ መሐላችን ክፍት ነው። ተቀመጠ። ምን ያድርግ?

"ጄኔሲዮ፣ እንዴት ነህ?" አለኝ።

ከሱሪዬ ላይ ላባ መልቀም ያዝኩ። ቀጥሎ ወደ ኤርሲሊያ ዞሮ "ዶና ኤርሲሊያ፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ" አላት።

"እኔም ነበረኝ" አለችው፤ ዶሮዎቹን እያየች።

በመጨረሻ ዙሌይዴ አስጠራችው። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለእኛ አልነገረችንም። "ነገ ትሰማላችሁ" ብቻ አለችን፣ በዚያ ቀን ደግሞ ከወትሮው ቀደም ብላ ቢሮዋን ዘጋች።

በማግስቱ ሐኪሙ ተነስቶ ቆመና ቃሉን አቃና። ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንደ ወንድም ናቸው። በየዓመቱ የራጁን ውጤት ሁለት ቦታ ይጽፍ ነበር፤ ለሠራተኛው "ጤነኛ" የሚል ወረቀት፣ ለኢንጂነር ቴዎባልዶ ደግሞ እውነተኛውን ደብተር። ደብተሩ ያውና። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም አለበት።

"የዱርቫልን ያንብቡልን" አለች ዙሌይዴ።

"ይህ ጉዳዩን አይመለከትም" አለ የፋብሪካው ጠበቃ።

"ያንብቡ" አለ ዳኛው።

"ዱርቫል። ማርች 1989። ሁለቱም ሳንባ፣ የአቧራ ጉዳት። የማያጨስ። ለሠራተኛው አልተነገረም።"

የማያጨስ። በራሱ እጅ ጽፎታል። ኤርሲሊያ እጄን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ዙሌይዴ አልተቀመጠችም።

"ከሱ ቀጥሎ ያለውንም።"

ሐኪሙ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።

"ጄኔሲዮ ታቫሬስ። ማርች 1989። ሁለቱም ሳንባ። ለሠራተኛው አልተነገረም።"

ክው አልኩ። ለራሴ አልነበረም፤ እኔ ከሳሌ የተነሳ ጠርጥሬ ነበር፣ ሽማግሌም ነኝ። ቀኑ ነው የመታኝ። ያን ዓመት ማርች ላይ "በሬ ነህ" ብሎ ትከሻዬን መትቶኛል። አፕሪል ላይ ልጄን ኢቫኒልዶን ይዤው ፋብሪካው በር ሄድኩ። ጎረቤት "አቧራው አይጎዳውም ወይ?" ሲለኝ "እኔን እየኝ፣ ባለፈው ወር ሐኪም አይቶኛል፣ በሬ ነኝ" ብዬ መለስኩለት። ልጄን በእጄ አስገባሁት። በኔው መጋዝ ላይ አቆምኩት።

ዳኛው እያየኝ ነበር። ፊቴ ምን እንደመሰለ እኔ አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ችሎቱን ለአሥር ደቂቃ አቋረጠ፤ ዓይኑን እየጠራረገ ሲወጣ አየሁት።

ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ዙሌይዴ ፓሶካዋን ይዛ ቆማ ነበር። አልበላችውም።

"ትናንት ነው ያየሁት" አለችኝ። "ትናንትና ልነግርህ እችል ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዳኛው ፊትህን እንዲያይ ፈልጌ ነው። ነግሬህ ቢሆን ዛሬ አትደነግጥም ነበር።" ፓሶካዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። "ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ጄኔሲዮ። እንዳትጠብቀኝ።"

ባቡሩ ውስጥ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ወራት ሙሉ አላናገርኳትም። ልመታት ፈልጌያለሁ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። እኔን እንደ ራጅ ፊልም ብርሃን ላይ አንስታ ለሰው አሳየች። በየማለዳው እየሳልኩ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ግን በማን ላይ እንደምናደድ ግራ ይገባኝ ጀመር። እሷ አንድ ቀን ደብቃኛለች። እነሱ አሥራ ሰባት ዓመት ደብቀውኛል፣ ልጄንም አቧራው ውስጥ አስገብተውብኛል።

የዱርቫል ፋይል ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ተከፈተ። አዲሱ ፍርድ "ሲጋራ" የሚለውን ሰርዞ "የአስቤስቶስ አቧራ" ብሎ ጻፈ። ኤርሲሊያ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ጮክ ብዬ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ መንገደኛው እየሰማ። ያን ቀን ወደ ዙሌይዴ ሄድኩ።

"ደግ አደረግሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። አዲስ ፋይል ከመሳቢያዋ አወጣች፤ ስሙ ቀድሞ ተጽፎበታል። "የኢቫኒልዶን ራጅ አምጣልኝ።"

አመጣሁላት። የልጄ ሳንባ ላይ ነጩ ነገር ገና ትንሽ ነው፤ ሌላ ሐኪም፣ የኛ ሐኪም፣ በጣቱ አሳየኝ። ዙሌይዴ ክሱን በሁለት ሳምንት አስገባች፣ በዚህኛው ላይ የኢንጂነር ቴዎባልዶን ስም በተከሳሽነት አስጽፋ። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጠበቆቹ "አዛውንት ነው፣ ታሟል" ሲሉ "በተሽከርካሪ ወንበር ይምጣ፣ በሩ ሰፊ ነው" አለቻቸው። ሰውየው ግን አልመጣም፤ እሷ ቀድማ ሄደች። በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ሊፍት ፊት ተሰልፋ፣ ፋይሉን እንደታቀፈች፣ ልቧ ቀጥ አለ። ፋይሉን ከእጇ ለማላቀቅ ሁለት ሰው ፈጀ ይላሉ፤ አምናለሁ።

ቀብሯ ላይ ቪላ ሬማንሶ ባዶ ቀረ። መራመድ የሚችለው በእግሩ፣ የማይችለው በወንበር፣ አንዳንዱም የኦክስጂን ጠርሙሱን እየጎተተ መጣ። የፋብሪካው ጠበቆች ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልከዋል። ኤርሲሊያ ጉንጉኑን አንስታ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ቆሻሻ መጣያው ጎን አቆመችው። ማንም አልከለከላትም።

ቄሱ ጸሎቱን ሲጨርስ "እህታችን ዙሌይዴ ከድካሟ ትረፍ፣ ነፍሷ በሰላም ትኑር" አለ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አላልኩም። ጎንበስ ብዬ አፈር ዘገንኩና፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ዙካ፣ እንዳታርፊ" አልኳት። "ቴዎባልዶ እስኪመጣ በሩ ላይ ጠብቂው። ሲመጣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ስም አንብቢለት። እንዳትምሪው።"

ለካ ኤርሲሊያ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አፈሩን ከእጄ ላይ ቆንጠር አድርጋ ወሰደች፣ ሳጥኑ ላይ በተነችውና "አሜን" አለች።